የአሕዛብ የመከር በዓልና የእግዚአብሔር ሕግ

ክረምት አልፎ ዘመነ መጸው በገባ ጊዜ፥ ይኸውም ከመስከረም 26 ቀን እስከ ታኅሣሥ 25 ቀን ባለው ወራት፥ ምድር አስቀድሞ በአበባ ኋላም በእሸት ተሸፍና ትታያለች። ገበሬው ማጭዱን ይስላል፤ አውድማውን ጠርጎ በእበት ይለቀልቃል፤ የዓመት ድካሙን ዋጋ ለመቀበል ይዘጋጃል። ቤተ ክርስቲያናችንም በዚሁ ወራት መጀመሪያ የእመቤታችንንና የልጅዋን ስደት በማሕሌተ ጽጌ ታስባለች። ከጥንት ጀምሮ በብዙ አገር ያለ አራሽ ሁሉ የመከሩን ወራት ያለ በዓል አላሳለፈውም። አንዱ ዘፍኖአል፥ አንዱ አርዶአል፥ አንዱ የወይን ጠጅ በምድር ላይ አፍስሶአል፥ አንዱም ወደ ፀሓይ ሰግዶአል። እኛም በዚህ ጽሑፍ አሕዛብ በመከር ወራት ያደርጉት ስለ ነበረው በዓል ለመናገር አስበናል።

ይህን በዓል የምንመረምረው ለወሬ ያህል አይደለም። በየሰበካው ያሉ ካህናት፥ ይልቁንም የንስሓ አባቶች፥ ገበሬው በአውድማው ዙሪያ የሚያደርገውን ልዩ ልዩ ነገር ባዩ ጊዜ የትኛውን ሊባርኩ የትኛውንስ ሊገሥጹ እንደሚገባቸው ይቸገራሉ። ሁሉን ባንድነት ባዕድ አምልኮ ነው ብሎ መጣል ድካም የለውም፤ ሁሉን ባንድነት የአባቶች ልማድ ነው ብሎ ማለፍም እንደዚሁ ድካም የለውም። በመጀመሪያው መንገድ የሄደ ካህን እግዚአብሔር ራሱ ያዘዘውን ደስታ ከገበሬው ይነጥቃል፤ በሁለተኛው የሄደም መንጋውን ለተኵላ ይተዋል። ስለዚህ የአሕዛብ በዓል ክፋቱ በምኑ እንደ ሆነ ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። በዘፈኑ ነውን? በመብሉ ነውን? በዳሱና በቅጠሉ ነውን? ወይስ በሌላ ነገር ነው?

እንደሚመስለን የነገሩ ሥር ፍርሃት ነው። ዘሩ ከእጁ ከወጣ በኋላ ገበሬ የሚችለው ነገር ጥቂት ነው። ዝናሙን አያዝዘውም፤ በረዶውን አይከለክለውም፤ አንበጣውን አይመልሰውም። ይህ ፍርሃት ሰውን ከሁለት ወደ አንዱ ይወስደዋል፤ ወይ ወደ ሰጪው ወደ እግዚአብሔር ያቀርበዋል፥ ወይም በእርሻውና በሰማዩ ላይ ሥልጣን አላቸው ከሚላቸው መናፍስት ጋር ያዋውለዋል። የአሕዛብ የመከር በዓል ከውጭ ሲያዩት ምስጋና ይመስላል፤ ውስጡ ግን ውል ነው። ዘንድሮ ይህን እሰጥሃለሁ፥ ለከርሞ ደግሞ ያንን ስጠኝ የሚል ውል ነው። ውልም ስለ ሆነ ፍርሃቱን አያጠፋውም፤ ውለታውን ያጐደለ እንደ ሆነ የሚመጣበትን እያሰበ ከዓመት ወደ ዓመት ያባብሰዋል እንጂ።

የዚህ ነገር ጥንተ ምሳሌው በመጽሐፈ ኩፋሌ በምዕራፍ 11 ይገኛል። በዚያ ዘመን የከለዳውያን ሰዎች የተቀረጸ ምስል ሠርተው መስገድ ጀመሩ፤ በዚያው ምዕራፍም የአጋንንት አለቃ መስቴማ ቁራዎችን እየሰደደ የተዘራውን ዘር ከምድር ላይ ያስለቅም እንደ ነበረ ተጽፎአል። ሰዎቹም እህሉን ከወፍ አፍ እያዳኑ የሚያገኙት እጅግ ጥቂት ነበረ። የታራ ልጅ አብራም የ14 ዓመት ብላቴና ሳለ ከአባቱ ጣዖት ተለይቶ ወደ ፈጣሪው ይጸልይ ጀመር። የዘር ጊዜ በደረሰ ጊዜም ከሰዎቹ ጋር እርሻ ሊጠብቅ ወጣ፤ ቁራዎቹም እንደ ደመና ሆነው በመጡ ጊዜ ምድር ሳይነኩ ሮጦ ተቀበላቸው፥ ወደ መጡበትም እንዲመለሱ ጮኾ አዘዛቸው። በዚያ ቀን 70 ጊዜ መለሳቸው፤ በእርሱም ዘንድ በነበረው እርሻ አንድ ስንኳ አልተቀመጠም። ከዚያም በኋላ እንጨት ጠራቢዎችን አስተምሮ ዘሩ ከዕቃ ወደ ማረሻው እየወረደ ወዲያው አፈር የሚሸፍነው አድርጎ አሠራቸው፤ ሰዎቹም ቁራን ከመፍራት ዐረፉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል የምንፈልገው አንድ ነገር አለ። ፍርሃቱ ለአብራምም ለጎረቤቶቹም አንድ ነበረ፤ ቁራው የሁሉንም ዘር ይበላ ነበረ። አብራም ለቁራዎቹ ጌታ ድርሻ አልከፈለም። ጸለየ፥ በሥልጣነ እግዚአብሔር ተናገረ፥ ከዚያም ማረሻውን አሻሻለ። ጸሎትና የእጅ ሥራ በእርሱ ዘንድ አልተጣሉም። በኋላ ዘመን አሕዛብ በየአውድማው የሠሩት በዓል ሁሉ የዚህ ተቃራኒ ነው ብንል አናጋንንም።

አሁን ወደ ከነዓን ምድር እንሂድ፤ ከአሕዛብ የመከር በዓል ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስ አብዝቶ የሚናገረው ስለዚህ ነውና። የከነዓን መከር ሁለት ነበረ። ገብሱና ስንዴው በፀደይ ይታጨዳል፤ ወይኑ፥ በለሱ፥ ሮማኑና ወይራው ግን የሚሰበሰበው በዓመቱ መጨረሻ፥ በእኛ አቈጣጠር በመስከረምና በጥቅምት ነው። በጌዜር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1908 ዓ.ም. የተገኘች ትንሽ የድንጋይ ጽላት፥ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ10ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈች፥ የገበሬውን ወራት ስትቈጥር የምትጀምረው በሁለቱ የመክተቻ ወራት ነው። በዚያ አገር ከግንቦት እስከ መስከረም ዝናም አይዘንምም። ስለዚህ የወይኑ ጋን በሚሞላበት ሰዓት ሰማዩ ባዶ ነው፤ ምድሩም ተሰንጥቆአል፤ የፊተኛው ዝናም በጥቅምት ካልመጣ የሚመጣው ዓመት ራብ ነው። የእኛ አገር ገበሬ ፍርሃቱ በዚህ ጊዜ ሌላ ነው፤ እርሱ ክረምቱን አሳልፎ የሚፈራው በታጨደው ላይ ያለ ጊዜው የሚወርደውን ዝናም ነው። የከነዓን ሰው ግን ጐተራውን እየዘጋ ሰማዩን አሻቅቦ ያይ ነበር። በኣልን የዝናም ጌታ ነው ብሎ እንዲያመልክ ያደረገውም ይህ ነው።

መጽሐፈ መሳፍንት በምዕራፍ 9 ቍጥር 27 የሴኬም ሰዎች ያደረጉትን በዓል በአጭር ቃል ይነግረናል። ወደ እርሻቸው ወጥተው ወይናቸውን ለቀሙ፥ ጠመቁ፥ በዓል አደረጉ፤ ከዚያም ወደ አምላካቸው ቤት ገብተው በሉ፥ ጠጡ፥ ንጉሣቸውን አቤሜሌክንም ሰደቡ። ይህ አምላካቸው በኣል ብሪት ይባል ነበር፤ ትርጓሜው የቃል ኪዳን በኣል ማለት ነው። ከላይ ውል ነው ያልነው በስሙ ውስጥ ተጽፎ ይገኛል። የበዓሉ ፍጻሜም ስድብና ጠብ ሆነ፤ በዚያ ስካር የተነገረው ቃል ጦር አስነሣ፥ ከተማዪቱም ፈረሰች፥ ጨውም ተዘራባት፤ ወደ አምላካቸው ቤት ግንብ ሸሽተው የገቡትም አንድ ሺህ ያህል ወንዶችና ሴቶች በእሳት ጠፉ። በዓሉን ያከበሩበት ቤትና ያለቁበት ቤት አንድ ጣዖት የሚመለክበት ነበረ።

ከነዓናውያን ስለ በኣል የነበራቸው እምነት በብዙ የታወቀው በቅርብ ዘመን ነው። በሶርያ ጠረፍ ራስ ሻምራ በሚባለው ስፍራ በ1928 ዓ.ም. አንድ ገበሬ ሲያርስ ማረሻው ከመቃብር ድንጋይ ጋር ተጋጨ፤ በማግሥቱ ዓመት በ1929 ፈረንሳውያን ቈፍረው ኡጋሪት የምትባለውን ጥንታዊት ከተማ አገኙ። በሸክላ ላይ ከተጻፉት መጻሕፍት መካከል ስለ በኣልና ሞት ስለሚባለው ስለ ሞት አምላክ የሚናገር ታሪክ አለ። በኣል ወደ ሞት አፍ ወርዶ ይጠፋል፤ ሰማዩም ዝናም ይነሣል። ዓናት የምትባለው አምላካቸው ግን ሞትን ይዛ በሰይፍ ትቈርጠዋለች፥ በወንፊት ትነፋዋለች፥ በእሳት ትጠብሰዋለች፥ በወፍጮ ትፈጨዋለች፥ በእርሻም ትዘራዋለች። ይህን ያነበበ ገበሬ ወዲያው የሚያውቀው ነገር አለ፤ በእህል ላይ የሚደረገው ሥራ ሁሉ ነውና። እንግዲህ ለከነዓናዊው አጨዳው የአማልክት ጦርነት ነበረ ማለት ነው፤ እርሱም በበዓሉ ከአንደኛው ወገን ቆሞ ሊረዳ ይሞክር ነበር።

ከዚያችው ከተማ በተገኘ በሌላ ጽሑፍ ደግሞ የአዲስ ወይን ጠጅ በሚቀርብበት ወር ንጉሡ በሰገነት ላይ መሥዋዕት ሲያቀርብ ከቅርንጫፍ የተሠሩ ዳሶች ይቆሙ እንደ ነበረ ይነበባል። አንዳንድ ሰዎች ይህን አንብበው የእስራኤል የዳስ በዓል ከአሕዛብ የተወሰደ ነው ብለው ለመናገር ቸኵለዋል። እኛ ግን በዚህ አንደነግጥም። ወይን ጠባቂ በወይኑ ቦታ ዳስ እንደሚሠራ ነቢዩ ኢሳይያስ በመጀመሪያው ምዕራፍ ይናገራል፤ የዚያ አገር ሰው ሁሉ፥ የሚያምነውም የማያምነውም፥ በለቀማ ወራት በቅጠል ጥላ ሥር ያድር ነበር። የዛፉ ቅርንጫፍ ለሁሉ የተፈጠረ ነው። ልዩነቱ በዳሱ ውስጥ በሚደረገው ነው።

በኩፋሌ በምዕራፍ 16 እንደ ተነገረን ይህን በዓል በምድር ላይ አስቀድሞ ያከበረ አብርሃም ነው። ይስሐቅ እንደሚወለድ ብሥራት ከተነገረው በኋላ በቤርሳቤህ ለራሱና ለአገልጋዮቹ ዳስ ሠርቶ በሰባተኛው ወር ሰባት ቀን ደስ አለው፤ የዘንባባ ዝንጣፊና የመልካም ዛፍ ፍሬ ይዞም በየቀኑ ሰባት ጊዜ መሠዊያውን ይዞር ነበር። ልብ በሉ፤ አብርሃም የተደሰተው ስለ ሞላ ጐተራ አይደለም፤ ገና ስላልተወለደው የተስፋ ልጅ ነው። ወደ ፊት የሚሆነውን ከማንም ጋር ሳይዋዋል ከሰጪው እጅ እንደ ተቀበለው ቈጥሮ አመሰገነ።

ሙሴም ከእግዚአብሔር ተቀብሎ ለሕዝቡ ያዘዘው ይህንኑ ነው። በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 የመክተቻ በዓል ይባላል፤ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 23 በሰባተኛው ወር በ15ኛው ቀን ጀምሮ ሰባት ቀን በዳስ መቀመጥ ታዝዞአል፤ ምክንያቱም ከግብፅ በወጡ ጊዜ በምድረ በዳ በዳስ መቀመጣቸውን እንዲያስቡ ነው። ይህ ትእዛዝ እጅግ የሚያስደንቅ ነው። ሰው እህሉን አስገብቶ ቤቱ በሞላበት፥ ‹‹የእኔ ነው›› ለማለት በተዘጋጀበት ሳምንት፥ ከሞላው ቤቱ ወጥቶ እንደ ስደተኛ በቅጠል ሥር እንዲያድር ታዘዘ። በምድረ በዳ አልዘሩም፥ አላጨዱም፤ መና በሉ እንጂ። አሕዛብ በዚያ ወራት ዐይናቸውን ወደሚመጣው ዓመት ዝናም ሲያቀኑ፥ እስራኤል ወዳለፈው ምሕረት እንዲያዩ ተደረገ።

ስለ ማዕዱም በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 16 ደስ ሊላቸው የሚገባቸው በስም ተቈጥረዋል፤ ባለቤቱ፥ ወንድ ልጁ፥ ሴት ልጁ፥ ሎሌው፥ ገረዱ፥ ሌዋዊው፥ መጻተኛው፥ ድሀ አደጉና መበለቲቱ። ከእነዚህ ከዘጠኙ መካከል አራቱ መሬት የሌላቸው መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል። መከር ያልሰበሰበ ሰው በመከር በዓል ሙሉ ባለ ድርሻ ሆነ። በጣዖት በዓል እንግዲህ ይህ የለም ለማለት ነው እንጂ መብል የለም ለማለት አይደለም፤ በዚያም ይበላል፥ በዚያም ይጠጣል፤ የሚበላው ግን የውሉ ባለቤት ነው፥ ቀሪውም ለጣዖቱ ይፈስሳል።

ሕዝቡ ይህን ሥርዐት አልጠበቀም። ኢዮርብዓም መንግሥቱን ከከፈለ በኋላ ሕዝቡ ወደ ኢየሩሳሌም እንዳይወጣበት ፈርቶ፥ በ8ኛው ወር በ15ኛው ቀን በይሁዳ ያለውን የሚመስል በዓል በቤቴል ሠራ፥ ለወርቁም ጥጆች ሠዋ። ቅዱስ መጽሐፍ ወሩን ከልቡ እንደ ፈጠረው ይነቅፈዋል። በዓሉን አላጠፋውም፤ አንድ ወር አሻግሮ አቅጣጫውን ለወጠው እንጂ፤ ይህም ከማጥፋት ይልቅ የከፋ ነበረ፥ ሕዝቡ የቀድሞውን በዓል የሚያከብር መስሎት ነበርና። ነቢዩ ሆሴዕ የመጣው ወደዚህ ሕዝብ ነው። በምዕራፍ 2 እህሉን፥ ወይኑንና ዘይቱን የሰጣት እግዚአብሔር እንደ ሆነ እስራኤል አለማወቅዋን፥ የተቀበለችውን ብርና ወርቅ ለበኣል ማድረግዋን ያዝናል። በምዕራፍ 7 ስለ እህልና ስለ ወይን ሲሉ በመኝታቸው ላይ ይጮኹ እንደ ነበረ ይናገራል። በምዕራፍ 9 ደግሞ በየአውድማው የግልሙትና ዋጋ ስለ ወደዱ እንደ አሕዛብ ደስ እንዳይላቸው ይከለክላቸዋል። ነቢዩ አውድማን የጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ጣዖቱ በቤቴል ቢቆምም የሚመለክበት ልብ ያለው በምርቱ ክምር አጠገብ ነበረ።

ከምርኮ ከተመለሱ በኋላ የሆነውን ደግሞ እንመልከት። የአይሁድ መምህራን ሚሽና በሚባለው መጽሐፋቸው፥ በዳስ በዓል ሌሊት በመቅደሱ አደባባይ ታላቅ መብራት ይበራ እንደ ነበረ፥ ዶሮም በጮኸ ጊዜ ሁለት ካህናት መለከት እየነፉ እስከ ምሥራቁ በር ድረስ ይወርዱ እንደ ነበረ ይተርካሉ። በዚያም በደረሱ ጊዜ ፊታቸውን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፥ ወደ መቅደሱ፥ መልሰው አባቶቻቸው በዚህ ስፍራ ጀርባቸውን ለመቅደሱ ሰጥተው ለፀሓይ እንደ ሰገዱ፥ እነርሱ ግን ዐይናቸው ወደ እግዚአብሔር እንደ ሆነ ይናገሩ ነበር። የአባቶቻቸው በደል በሕዝቅኤል ምዕራፍ 8 የተጻፈው ነው። በዓሉ፥ መብራቱ፥ የሌሊቱ ደስታ ሁሉ ቀረ አልተባለም፤ ፊት ብቻ ዞረ። ጌታችንም በዚሁ በዓል በታላቁ በመጨረሻው ቀን ቆሞ የተጠማ ሁሉ ወደ እርሱ መጥቶ እንዲጠጣ ጮኸ (ዮሐ. 7፥37)። ውኃ ከሰሊሆም ቀድቶ በመሠዊያ ላይ ማፍሰስ የዚያ በዓል ሥርዐት ነበረ፤ ሕዝቡም ያን ጊዜ ዝናም ይለምን ነበር። እነሆ የከነዓን ገበሬ በኣልን የለመነው ያ ጥማት በሕያው ውኃ ባለቤት ፊት ቆመ።

ከከነዓን ወደ ግሪክ ስንሻገር ፍርሃቱ አንድ ሆኖ ልብሱ ተለውጦ እናገኘዋለን። በአቴና በመጸው ወራት፥ ገና ዘር ከመዘራቱ በፊት፥ ሴቶች ብቻ የሚያከብሩት ቴስሞፎርያ የሚባል የሦስት ቀን በዓል ነበረ፤ የእህል አምላክ ናት ለሚሏት ለዴሜቴር ነው። አስቀድመው የአሳማ ግልገሎችን ወደ ጕድጓድ ይጥሉ ነበር፤ የበሰበሰውን ሥጋ ቈይተው ያወጡና በመሠዊያ ላይ አኑረው፥ ከዘር ጋር የደባለቀው መልካም መከር ያገኛል ይሉ ነበር። የእስክንድርያው ሊቅ ቀሌምንጦስ አሕዛብን በገሠጸበት መጽሐፉ ይህን የአሳማ ነገር ጠቅሶ ዘብቶበታል። በዚያው ወር ደግሞ ልጆች የወይራ ቅርንጫፍ በበግ ጠጕር ጠምጥመው፥ በለስና ኅብስት አንጠልጥለውበት፥ እየዘመሩ በየደጁ ይዞሩ ነበር፤ ቅርንጫፉም በአጵሎን ስም በቤቱ በር ላይ ዓመቱን ሙሉ ይሰቀል ነበር። ይህን ያነበበ ሰው የእኛን አገር ልጆች በእንቍጣጣሽና በቡሄ በየደጁ መዞር ሊያስብ ይችላል። ልጆች መዞራቸውና መዘመራቸው፥ ሙልሙልም መቀበላቸው፥ በራሱ ነውር የለበትም። በቡሄ የሚዘመረው ለደብረ ታቦሩ ጌታ ነው፤ በአቴና የሚዘመረው ለአጵሎን ነበረ፤ ቅርንጫፉም ቤቱን ከራብና ከቸነፈር ይጠብቃል ተብሎ ተሰቀለ። እዚያ ላይ ነው ዜማው ወደ ክታብነት የተለወጠው።

የጣዖታቱ ቤቶች ከተዘጉ በኋላስ ነገሩ ጠፋን? አልጠፋም። በ692 ዓ.ም. ገደማ ግሪኮች በቍስጥንጥንያ ጉባኤ አድርገው ነበር፤ ይህ ጉባኤ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ከሦስቱ ዓለም አቀፍ ጉባኤያት የሚቈጠር አይደለም፤ ስለ ዘመኑ ልማድ ግን ጥሩ ምስክር ነው። በ62ኛው ቀኖናው ክርስቲያኖች ወይን ሲጠምቁ የዲዮኒሶስን ስም እንዳይጠሩ፥ ጠጁንም ወደ ጋን ሲገለብጡ ሳቅ እንዳያስነሡ፥ ወንድም የሴት ልብስ እንዳይለብስ፥ ጭምብልም እንዳያደርግ ይከለክላል፤ ያደረገው ካህን ቢሆን እንዲሻር፥ ምእመን ቢሆን እንዲለይ ይወስናል። ቴዎዶስዮስ የጣዖትን አምልኮ በሕግ ከከለከለ ያን ጊዜ 300 ዓመት ሆኖት ነበር። ቤተ ጣዖቱ ፈርሶአል፤ የወይን መጥመቂያው ግን አልፈረሰም። ሰው በሥራው መካከል፥ እግሩ በጭማቂው ውስጥ ሳለ፥ አያቱ ይጠራው የነበረውን ስም ይጠራል፤ ምናልባትም ማንን እንደ ጠራ አያውቅም። ጉባኤው መጥመቁን አልከለከለም፥ መዘመሩንም አልከለከለም፤ ስሙን ከለከለ።

ከዚህ 91 ዓመት አስቀድሞ በ601 ዓ.ም. የሮም ሊቀ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ ወደ እንግሊዝ ለሚሄደው ለሜሊጦስ የጻፈለት ደብዳቤም ከዚህ ጋር ሊነበብ ይገባዋል። ጣዖታቱ እንዲሰባበሩ፥ ቤቶቹ ግን ደህና ከተሠሩ በጠበል ተረጭተው ቤተ ክርስቲያን እንዲሆኑ አዘዘ። ሕዝቡ ለአጋንንት ያርዱት የነበረውን በሬ ከእንግዲህ ለመብላቸው አርደው፥ በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ ከዛፍ ቅርንጫፍ ዳስ ሠርተው፥ የሁሉን ሰጪ እያመሰገኑ እንዲበሉ ፈቀደ። በኡጋሪት ሰገነት ላይ ያየነው፥ በቤርሳቤህም ያየነው ዳስ በሦስተኛ ጊዜ ቆመ።

በሰሜን አውሮፓ ገበሬዎች ዘንድ እስከ 19ኛው መቶ ዓመት ድረስ የመጨረሻውን ነዶ የማጨድ ፍርሃት ነበረ። የእህሉ መንፈስ ወደዚያ ሸሽቶ ተደብቆአል ብለው፥ አጫጆቹ ማጭዳቸውን ከሩቅ ይወረውሩበት ነበር፤ ነዶውንም እንደ ሴት አልብሰው ወደ ቤት ያገቡትና እስከሚመጣው ዓመት ያኖሩት ነበር። ጀርመናዊው ማንሃርት ይህን ከየአገሩ ሰበሰበው፤ ስኮትላንዳዊው ፍሬዘርም በ1890 ዓ.ም. ባወጣው መጽሐፉ አስፋፋው። ሁሉም ከጥንት አረማዊነት የተረፈ ነው ማለቱን በኋላ የመጡ ሊቃውንት ሁሉ አልተቀበሉትም። በዚህ ልማድ በታወቀችው በኮርንዎል አገር ሀውከር የሚባል የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን በ1843 ዓ.ም. ምእመናኑን ከአዲሱ ስንዴ በተጋገረ ኅብስት ለቍርባን ጠራቸው፤ ዛሬ በእንግሊዝ አብያተ ክርስቲያናት የሚደረገው የመከር ምስጋና ከዚያ ተስፋፋ።

ዛሬም በአውሮፓና በአሜሪካ ራሳቸውን አረማውያን ብለው የሚጠሩ ሰዎች ቀኑና ሌሊቱ እኩል በሚሆንበት በመስከረም 12 ወይም 13 ቀን ገደማ ማቦን የሚሉትን የመከር በዓል ያከብራሉ። በባሕር ማዶ የሚያድጉ ልጆቻችን ይህን ሰምተው ሊጠይቁ ስለሚችሉ ካህናት ቢያውቁት ይጠቅማል። ከክርስትና በፊት የነበረ ጥንታዊ በዓል ነው የሚሉ አሉ፤ ነገር ግን ይህን ስም ለዚህ ቀን ያወጣለት በ1970ዎቹ ዓመታት አንድ አሜሪካዊ፥ ኤይደን ኬሊ፥ ነው። ስሙ የተወሰደበት ማቦን በመካከለኛው ዘመን የዌልስ ተረት ውስጥ በተወለደ በሦስተኛው ሌሊት ከእናቱ የተሰረቀ ሰው ነው፤ ከአጨዳ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። ኢዮርብዓም ወሩን ከልቡ ፈጠረ፤ እነዚህም ስሙን። ይልቁንም የሚያሳዝነው ብዙዎቹ አንዲት ዛላ እንኳ አጭደው የማያውቁ የከተማ ሰዎች መሆናቸው ነው። ገበሬውን ወደ ጣዖት የወሰደው ፍርሃት ነበረ፤ እነዚህን የወሰዳቸው ናፍቆት ይመስለናል፤ ማዕድ ሳለ ምስጋና ከጠፋበት ቤት የሚወጣ ናፍቆት።

ወደ አገራችን አውድማ እንመለስ። ከአድባር ዛፍ ሥር ቅቤ የሚቀባ፥ ጠላ የሚያፈስ፥ የዶሮ ደም የሚያንጠባጥብ ዛሬም አልጠፋም፤ ይህ ያለ ጥርጥር የውሉ ወገን ነው፥ የንስሓ አባትም ሊታገሠው አይገባም። በምርቱ ዙሪያ መዝፈን፥ በሬዎቹን ማወደስ፥ አጫጆችን አብልቶ ማጠጣት፥ ዳስ መጣል ግን የሴኬም ነው ተብሎ አይወገዝም። በመካከል ያለውንና የሚያጠራጥረውን ለመለየት ኦሪት ዘዳግም በምዕራፍ 26 መልካም መመርመሪያ ሰጥታናለች። እስራኤላዊው ዐሥራቱን ከቤቱ ካወጣ በኋላ በእግዚአብሔር ፊት ቆሞ ለሌዋዊው፥ ለመጻተኛው፥ ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ መስጠቱን ይመሰክራል፤ ከዚያም በኀዘኑ ጊዜ ከእርሱ እንዳልበላ፥ በርኵሰት እንዳላወጣው፥ ለሞተም ሰው እንዳልሰጠው ይናገራል። የመጨረሻው ቃል የአሕዛብን ልማድ በስውር የሚነካ ነው፤ ከእህሉ ለሙታን መናፍስት ድርሻ ያወጡ ነበርና። ካህኑም ገበሬውን እንዲሁ ሊጠይቀው ይችላል፤ ከምርቱ የወጣው ድርሻ ወዴት ሄደ? የበላው ሰው ነው፥ ወይስ ማንም ሳይበላው በዛፍ ሥር ቀረ? ባይደረግ ኖሮ የሚፈራው ነገር አለን?

በሐዋርያት ስም የሚጠራው ቀኖና ደግሞ በኵራቱ ወዴት እንደሚሄድ ለይቶአል። ማር፥ ወተት፥ በወይን ፈንታ የተጠመቀ ሌላ መጠጥ፥ ወፍና እንስሳ በመሠዊያ ላይ እንዳይቀርቡ ከልክሎ፥ በጊዜው የሚደርሰውን አዲስ እሸትና ወይን፥ ለመብራት የሚሆነውን ዘይትና ዕጣንን ፈቅዶአል፤ ሌላው ፍሬ ሁሉ ወደ ጳጳሱና ወደ ቀሳውስቱ ቤት ሄዶ ለዲያቆናትና ለሌሎች አገልጋዮች እንዲካፈል አዝዞአል። በእኛም ዘንድ ገበሬው ምርቱን ሰፍሮ ወደ ጐተራ ከማግባቱ አስቀድሞ ዐሥራት በኵራቱን ይለያል፤ ከስንዴውም ነጭ ነጩን መርጦ፥ እንክርዳዱን ለቅሞ፥ ቤተ ሰቡ ከአዲሱ እህል ሳይቀምስ ለመገበሪያ የሚሆነውን በንጹሕ ዕቃ ያኖረዋል፤ ከዚያ የተረፈውን ደግሞ ቃርሚያ ለመልቀም ወደ እርሻው ለወጡት ይተውላቸዋል።